16 ቁልፍ ላይ 12 መቁጠር፦ ለችክችካ የሚሆን ድራም ማሽን መምረጥ

ድራም ማሽን ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያዳምጠው ኪኩን፣ ማለትም ወፍራሙን የእግር ከበሮ ድምፅ ነው። ከዚያ የስኔሩን ጥራትና የሃይሃቱን ስለት ያወዳድራል፣ ዋጋውን ያያል፣ ይገዛል። የአገራችንን ሙዚቃ ለሚሠራ ሰው ግን ከድምፁ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ማሽኑ 12 መቁጠር ይችላል ወይ?

አብዛኞቹ ማሽኖች ፊት ለፊት 16 ቁልፍ ደርድረው አራት አራት እያሉ ይከፍሉታል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ስቴፕ፣ ማለትም ድምፅ የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ነው። ለሂፕሆፕ፣ ለሬጌ፣ ለሀውስ ይህ አደራደር ልክ ነው። ችክችካ በ6/8 የሚሄድ፣ እያንዳንዱ ምት ሦስት ቦታ የሚከፈል ስልት ስለሆነ ግን 16 ላይ አይገጥምም፤ 12 ላይ ነው ልክ የሚመጣው። ይህን ያላወቀ ሰው 16ቱ ላይ ይደረድርና በስዊንግ ሊያስተካክለው ይታገላል። ስዊንግ ሁለተኛውን ስቴፕ ያዘገያል እንጂ አዲስ ስቴፕ አይፈጥርም። 66 በመቶ ላይ ብታደርጉት ከሦስቱ ክፍልፋዮች አንደኛውንና ሦስተኛውን ታገኛላችሁ፤ መካከለኛው ግን የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ውጤቱ እስክስታ የማያስመታ፣ የሚያነክስ ነገር ነው።

ለዚህ ተጠያቂው ማሽኑ አይደለም። ሮላንድ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቲአር-808 ላይ እንኳ ፕሪ ስኬል የሚባል ባለ አራት ቦታ ማብሪያ ነበረ፤ ከአራቱ ሁለቱ ለትሪፕሌት፣ ማለትም ለሦስት ሦስት አከፋፈል፣ የተሰጡ ነበሩ። ችሎታው ከጥንት ጀምሮ አለ። አንዳንዱ ማሽን ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ይደብቀዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይነሳዋል። ማሽኖቹን የመዘንነው ከሁሉ በፊት በዚህ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩ ይታወቅ፤ ሁለት መንገድ አለው። ንጹሑ መንገድ ስኬሉን፣ ማለትም አንዱ ምት በስንት ስቴፕ እንደሚከፈል የሚወስነውን ምርጫ፣ ወደ ስምንተኛ ትሪፕሌት ቀይሮ የመጨረሻውን ስቴፕ 12 ላይ ማቆም ነው። ያኔ ማሽኑ በአንድ ምት 3 ስቴፕ ይቆጥራል፣ 12ቱ ስቴፖች 4 ምት ይሆናሉ፣ ስክሪኑ ላይ 120 ካለ እግራችሁ የሚረግጠውም 120 ነው። ሁለተኛው መንገድ ትሪፕሌት ለሌላቸው ማሽኖች የሚሆን ነው፤ ስኬሉ በአሥራ ስድስተኛ እንዳለ ይቆይና ርዝመቱ ብቻ ወደ 12 ያጥራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ አሁንም በአንድ ምት 4 ስቴፕ ስለሚቆጥር ስክሪኑ ላይ ከተጻፈው ይልቅ ይሮጣል። ስለዚህ የምትፈልጉትን ፍጥነት በ3 አባዝታችሁ ለ4 አካፍሉት። 120 ለማግኘት 90፣ 132 ለማግኘት 99፣ 140 ለማግኘት 105 ላይ ታደርጉታላችሁ።

ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ይኸው ስሌት ጎልቶ ይመጣል። የሚዲ ክሎክ፣ ማለትም መሣሪያዎቹን በአንድ ፍጥነት የሚያስኬደው ምልክት፣ በአንድ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ ይላካል። ስምንተኛ ትሪፕሌት ላይ ያለ ማሽን በየ8ቱ፣ አሥራ ስድስተኛ ላይ ያለው በየ6ቱ አንድ ስቴፕ ይራመዳል። ኮምፒውተሩ ላይ በ120 የተቀዳ ችክችካ ካለና ማሽኑ በሁለተኛው መንገድ የተዘጋጀ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ባር ይለያያሉ። ኬብሉ ተበላሽቷል፣ ሳውንድ ካርዱ ዘግይቷል ተብሎ ቀኑ ሙሉ ይፈለጋል፤ ጥፋቱ ግን የስኬሉ ነው። መፍትሔው ፕሮጀክቱን በ90 ፍጥነትና በ3/4 መክፈት ነው። አንዱ ባር 12 አሥራ ስድስተኛ ይይዛል፣ ከማሽኑ ፓተርን (ተደጋግሞ ከሚዞረው ንድፍ) ጋር እኩል ይዞራል፤ ጆሮ የሚሰማው ግን ያው 120 ነው።

ማሽን ለመፈተን የሚሆን መነሻ ንድፍ እነሆ። ኪክ 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ። ሻከር ወይም ሃይሃት 12ቱም ላይ፣ ነገር ግን 1፣ 4፣ 7፣ 10 ጎላ ብለው፣ 3፣ 6፣ 9፣ 12 መካከለኛ ሆነው፣ 2፣ 5፣ 8፣ 11 ከሁሉም ዝቅ ብለው። የከበሮ ቀጭን ድምፅ 3፣ 6፣ 9 እና 12 ላይ። ጭብጨባ 4 እና 10 ላይ። ይህ ከተስተካከለ በኋላ አንድ እንጨት መሰል ድምፅ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ላይ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ጨምሩ። በየሁለት የሚመታው በየሦስት ከሚመታው ጋር ሲጋፋ ትከሻ የሚያነቃንቀው ነገር ብቅ ይላል። የወሎው፣ የጎንደሩ፣ የጎጃሙ እያንዳንዱ የራሱ አረጋገጥ አለውና ከዚህ በኋላ ያለው የአቀናባሪው ጆሮ ሥራ ነው። ትግርኛ ላይ በአምስት ለሚቆጠር ምትም ዘዴው ያው ነው፤ የመጨረሻው ስቴፕ 10 ላይ ይቆማል። ልብ በሉ፣ እዚህ ንድፍ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው የጉላቱ ልዩነት ነው። 12ቱን ሻከር እኩል አስጩሁት፤ ወዲያው የስፌት መኪና ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄያችን፣ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ስቴፕ የተለያየ ጉላት እንዴት ይቀበላል የሚለው ነው።

ከሁሉም ቀድሞ የሚጠቀሰው የሮላንድ ቲአር-8ኤስ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በ699 ዶላር ወጣ። 11 ትራክ፣ ለእያንዳንዱ ትራክ አንድ ፌደር (ጉላቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች)፣ ከየፌደሩ በላይ ደግሞ ድምፁን የሚያወጡና የሚያወርዱ፣ የሚያስረዝሙና የሚያሳጥሩ ቁልፎች አሉት። ስምንተኛ ትሪፕሌት በስኬል ምርጫው ውስጥ አለ፤ የመጨረሻ ስቴፕም ለፓተርኑ ብቻ ሳይሆን ለየትራኩ ለብቻ ይሰጣል። ኪኩ 12 ላይ ሲዞር አንዱ ከበሮ 9 ላይ እንዲዞር ቢፈለግ ይቻላል። 128 ፓተርን አለው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ 8 ቫሪዬሽን። ዘፈን ላይ ሲተረጎም አንዱ ለመግቢያ፣ አንዱ ለግጥሙ፣ አንዱ ለአዝማቹ፣ አንዱ ለክራር ወይም ለማሲንቆ ሶሎ ሊመደብ ይችላል ማለት ነው፤ በአንድ ጣት ከአንዱ ወደ ሌላው ይታለፋል።

ቲአር-8ኤስን ለመድረክ የምንመርጠው በፌደሮቹና በመውጫዎቹ ነው። ከስቴሪዮው ዋና መውጫ ሌላ 6 ለብቻ የሚመደቡ መውጫዎች አሉት። ሠርግ ወይም ኮንሰርት ላይ ኪኩን በአንድ፣ ከበሮውን በአንድ፣ ጭብጨባውን በአንድ ኬብል ለሚክሰሩ መስጠት ይቻላል። አዳራሹ ጭር ባለበት ሰዓት ልክ የነበረ ኪክ ሕዝቡ ሲገባ ይዋጣል፤ ሁሉም በአንድ ኬብል ከመጣ የድምፅ ባለሙያው ኪኩን ለማንሳት ሁሉንም ማንሳት አለበት፣ ሃይሃቱም አብሮ ጆሮ ይበሳል። ዘፋኙ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲጀምርም ሻከሩን በፌደር ሳብ ማድረግ እንደ ሰው ከበሮ መቺ መከተል ነው። ይህን በስክሪን ሜኑ ውስጥ ገብቶ የሚያደርግ ማሽን መድረክ ላይ ያጋልጣል።

ጉድለቱም አለ። በባትሪ አይሠራም። የጣት ጉልበት የሚለየው ፓድ አንድ ብቻ ስለሆነ ከበሮን በጣት መጫወት ለለመደ ሰው ጠባብ ነው። ከሁሉም በላይ ግን፣ የሠራችሁትን በራይት ካላስቀመጣችሁት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከፓተርኑ ስም አጠገብ የኮከብ ምልክት ካያችሁ ገና አልተቀመጠም ማለት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ በየአምስት ደቂቃው ማስቀመጥን ልማድ ማድረግ፣ ከተቻለም ማሽኑን በትንሽ ዩፒኤስ በኩል ማብራት ግድ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ቲአር-6ኤስ በ2020 በ399 ዶላር ወጣ። ድምፆቹ፣ የትሪፕሌት ስኬሉና የሳምፕል (ተቀድቶ የሚገባ ድምፅ) አቀባበሉ የታላቁ ናቸው፤ ትራኩ ግን 6 ብቻ ነው፣ ለየብቻ መውጫም የለውም። 6 ትራክ ለችክችካ ይበቃል ወይ? ከላይ የሰጠነው ንድፍ 5 ይፈጃል። ሁለተኛ ከበሮ ስትጨምሩ ይሞላል፣ ለክራሽ ቦታ አይቀርም። በምትኩ በ4 ትንንሽ ባትሪ ወይም በዩኤስቢ ይሠራል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። መብራት በሌለበት ለማቀናበርና ከከተማ ከተማ ለሚዞር ሰው ከዝርዝሩ ሁሉ ይሻላል ብለን እናምናለን። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ከላፕቶፕ በዩኤስቢ ኃይል እየወሰደ ድምፁን በሌላ ኬብል ወደ ሚክሰር ስትልኩ ቀጭን ፉጨት ወይም ሃምታ ሊመጣ ይችላል። ያ ማሽኑ ስለተበላሸ አይደለም፤ ላፕቶፑና ሚክሰሩ በሁለት መንገድ ከመሬት መስመር ጋር በመገናኘታቸው ነው። ኃይሉን ከባትሪ ወይም ከፓወር ባንክ ስታደርጉት ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ማሽኑን ካላየው ደግሞ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ፤ ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠራ፣ ዳታ የማያሳልፍ ኬብል ገበያው ላይ ሞልቷል።

ለቤት ስቱዲዮ ምርጫችን የኤሌክትሮን ዲጂታክት ነው። የስዊድን ኩባንያ የሠራው ይህ ማሽን በ2017 ሲወጣ 8 የድምፅ ትራክና 8 የሚዲ ትራክ ይዞ ነበር፤ በ2024 የወጣው፣ ዲጂታክት ሁለት የተባለው ተተኪው ትራኩን ወደ 16፣ ስቴፑን ከ64 ወደ 128 አሳድጎ ስቴሪዮ ሳምፕልም ጨመረ። የመጀመሪያው ሞኖ ብቻ ነው። ለከበሮ ሞኖ አይጎዳም፤ እንዲያውም አዲሱ በመምጣቱ አሮጌው በረከሰ ዋጋ ስለሚገኝ ለጀማሪ አቀናባሪ እሱን እንመክራለን።

ዲጂታክት ላይ ትሪፕሌት የሚል ቃል ስትፈልጉ አታገኙትም፤ ብዙ ሰው የለውም ብሎ የሚደመድመው ለዚህ ነው። የተደበቀው በስኬል ገጹ ላይ ባለው ማባዣ ውስጥ ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ 3/4 ነው፤ የማሽኑን ስቴፕ ወደ ሦስት አራተኛ ፍጥነት ሲያወርደው በአንድ ምት 4 የነበረው 3 ይሆናል። ርዝመቱን 12፣ ማባዣውን 3/4 አድርጉ፤ በቃ፣ ችክችካ ቦታው ላይ ነው። ለየትራኩ የተለያየ ርዝመት በምትሰጡበት ሁኔታ ውስጥ ከሆናችሁ ማስተር ሌንግዝ የሚለውን፣ ማለትም መላው ፓተርን ወደ መጀመሪያ የሚመለስበትን ርዝመት፣ ልብ በሉ። 12 ስቴፕ በ3/4 ፍጥነት የሚወስደው ጊዜ ልክ የ16 ስቴፕ ያህል ስለሆነ ማስተሩ 16 ላይ መቆየት አለበት። ለ24 ስቴፕ 32 ይሆናል። ማስተሩን 12 ብታደርጉት ፓተርኑ 9ኛው ስቴፕ ላይ ተቆርጦ ወደ መጀመሪያ ይመለሳል።

ከዚህ ማሽን የምንወደው ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ስቴፕ የራሱን ጉላት፣ የራሱን ርዝመት፣ የራሱን ሳምፕል ጭምር ይይዛል። ክፍቱን የከበሮ ምትና የታፈነውን ምት በአንድ ትራክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ትራኩ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያሰማ የታፈነው ሲመታ የክፍቱን ጭራ ይቆርጠዋል፣ ልክ መዳፍ ቆዳው ላይ ሲያርፍ እንደሚሆነው። ሁለት ትራክ ይፈጅ የነበረው አንድ ላይ ያልቃል፣ ድምፁም ወደ እውነት ይቀርባል። ምቱን ከስቴፑ በጥቂቱ ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋትም ይቻላል። 3ኛውንና 6ኛውን በጣም ጥቂት ወደኋላ ስትጎትቱ የገጠር ከበሮ መቺ የሚያደርገው መንጠልጠል ይመጣል። ጉድለቱ ዋና መውጫው ስቴሪዮ ብቻ መሆኑ ነው፤ ትራኮቹን መለያየት የሚቻለው በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ነው። ለዚህ ነው ለቤት እንጂ ለአዳራሽ ያልመረጥነው።

የአርቱሪያ ድራምብሩት ኢምፓክት በ2018 በ299 ዶላር የመጣ፣ ድምፁን ከሳምፕል ሳይሆን ከራሱ ሰርኪት የሚያወጣ አናሎግ ማሽን ነው። 10 ድምፅ፣ እስከ 64 ስቴፕ፣ 4 ለብቻ መውጫ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ድምፁን የሚያጎረብጥ ዲስቶርሽን አለው። ኪኩ ሆድ ይነካል። ርዝመቱን 12 አድርጋችሁ በሦስት አራተኛው ስሌት ብትሄዱ ይሠራል፣ ለየድምፁ የተለያየ ርዝመትም ይቀበላል። ሳምፕል ግን አይቀበልም። ከበሮ የሚመስል ነገር ከፈለጋችሁ ያላችሁ ሁለቱ ቶምና ኤፍኤም ድራሙ ናቸው፤ አጥብቃችሁ ብታስተካክሉ ይቀርባሉ እንጂ አይደርሱም። የአገር ምት በኤሌክትሮኒክ ቆዳ ለሚፈልግ ሰው ደስ ይላል፤ ከበሮውን ራሱን ለሚፈልግ አይሆንም።

የኮርግ ቮልካ ቢትስ ርካሽና ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው በእሱ ይጀምራል። በ6 ትንንሽ ባትሪ ይሠራል፣ የራሱ ስፒከር አለው። 16 ስቴፕ ብቻ፣ 8 ማስቀመጫ ብቻ ነው ያለው። አክቲቭ ስቴፕ በሚባለው ተግባር የመጨረሻዎቹን 4 ስቴፖች ማጥፋት ስለሚቻል 12 ይቆጥራል። ስኔሩ ደካማ ነው፤ ሰዎች ከፍተው ክፍሎቹን እስከመቀየር የደረሱበት የታወቀ ጉድለት ነው። ለችክችካ ስኔር ብዙ ስለማያስፈልግ ያን ያህል አይጎዳም። ብቸኛ ማሽን አድርጋችሁ ግን አትግዙት፤ 8 ማስቀመጫ ለሁለት ዘፈን እንኳ አይበቃም።

አሌሲስ ኤስአር-16 በ1990 ገደማ ገበያ ላይ ወጥቶ ለአሥርተ ዓመታት የተሸጠ ማሽን ነው። የስቴፕ መብራት የለውም፤ በ12 ፓድ እየተመታ ነው የሚቀዳው፣ ፓዶቹም የጣትን ጉልበት ይለያሉ። ኳንታይዙን፣ ማለትም የተመታውን ወደ ትክክለኛው ቦታ የሚያስጠጋውን፣ ትሪፕሌት ላይ አድርጎ በጣት መጫወት ለከበሮ መቺ ሰው ስቴፕ ከመደርደር ይቀላል። የእግር መርገጫ ይቀበላል፤ ጊታር ወይም ክራር የያዘ ሰው እጁን ሳያነሳ ማስጀመርና ፊል (ማሸጋገሪያ ምት) ማስገባት ይችላል። የራሳችሁን ድምፅ አይቀበልም፣ ያሉት ድምፆችም የዘመናቸውን ጠረን ይዘዋል። ብቻውን ለሚዘፍን ሰው አሁንም ይሆናል።

የአካይ ኤምፒሲ ማሽኖችን እዚህ በአጭሩ እናልፋቸዋለን፤ ከድራም ማሽንነት አልፈው ሙሉ ስቱዲዮ ሆነዋል። ማንኛውንም ምት ይቆጥራሉ፣ 16 ፓዳቸው ለጣት የተሠራ ነው። ቢት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ዋጋቸውም፣ ለመልመድ የሚፈጁት ጊዜም ብዙ ነው።

ማሽኑ ሳምፕል የሚቀበል ከሆነ ቀጣዩ ሥራ ከበሮውን መቅዳት ነው። ኢንተርኔት ላይ የኢትዮጵያ ከበሮ ተብለው ከሚወርዱት ብዙዎቹ ከተቀናበረ ዘፈን የተቆረጡ ስለሆኑ ከኋላቸው ባስና ኪቦርድ ይሰማል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ራስን ችሎ መቅዳት ይበልጣል። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፣ ሰፊውና ጠባቡ። ከሰፊው ክፍትና የታፈነ፣ ከጠባቡ ክፍትና በጣት ጫፍ የተመታ፣ እነዚህን አራቱን በሦስት የጉልበት ደረጃ ቅዱ፤ 12 ፋይል ይሆናል። ማይኩን ከቆዳው 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር አርቁት። በጣም ከቀረበ የሰፊው ፊት ጉምታ ሁሉን ይሸፍናል፣ ከራቀ የክፍሉ ማስተጋባት አብሮ ይገባና በየስቴፑ እየተደጋገመ ድምፁን ያቆሽሻል። ዌቭ ፋይል፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ሞኖ ቢሆን ይበቃል። ዲጂታክት ውስጥ 48 ሆኖ ይገባል፤ ማስተላለፊያ ሶፍትዌሩ ራሱ ይለውጠዋል።

ፋይሉን ስትቆርጡ የመጀመሪያውን ጸጥታ በደንብ አስወግዱ። በ120 ፍጥነት አንዱ ስቴፕ የሚወስደው 167 ሚሊሰከንድ ነው። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 20 ሚሊሰከንድ ጸጥታ ከቀረ ምቱ በስቴፑ አንድ ስምንተኛ ያህል ይዘገያል፤ ጆሮ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፣ ከበሮው ከኪኩ ኋላ የሚጎተት ይመስላል። የድምፁን ጭራ ግን አትቁረጡ፤ ማሽኑ ላይ ማሳጠር ይቻላል፣ የተቆረጠን መመለስ አይቻልም። ቲአር-8ኤስ ላይ ኤስዲ ካርዱን መጀመሪያ በማሽኑ ራሱ ፎርማት አድርጉት፣ ከ32 ጊጋባይት የማይበልጥ ካርድ ተጠቀሙ፣ ፋይሎቹንም ማሽኑ በፈጠረው የሳምፕል ፎልደር ውስጥ አስገቡ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ፋይል ማሽኑ አያየውም፤ ‘አልቀበል አለ’ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ጭብጨባን አንድ ጊዜ ቀድቶ መደጋገም ውሸቱን ያጋልጣል፤ የአራት ሰው ጭብጨባ ለየብቻ ቀድታችሁ አፈራርቁ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ፤ ብዙ ማሽን ያለዕድሜው የሚሞተው በዚህ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ማሽን አዳፕተሩ ላይ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ። የመግቢያው ቁጥር ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ የሶኬት ማስተካከያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ማውረጃ ትራንስፎርመር ወይም ሌላ አዳፕተር ያስፈልጋል። ከዱባይ የመጣ ደግሞ ቮልቱ ልክ ነው፣ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርሱ ብቻ ነው የማይገባው።

ሌላ አዳፕተር ሲገዛ ቮልቱን ብቻ ማየት አይበቃም። ኤስአር-16 የሚፈልገው 9 ቮልት ኤሲ ነው፤ ገበያው ላይ ያለው 9 ቮልት አዳፕተር አብዛኛው ዲሲ ስለሆነ ቢሰካም አያስነሳውም። ቮልካ 9 ቮልት ዲሲ ይፈልጋል፣ የመሰኪያው መሐል ፖዘቲቭ ሆኖ። የጊታር ፔዳል አዳፕተሮች 9 ቮልት ዲሲ ናቸው፣ መሐላቸው ግን ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። አዳፕተሩ ላይ ያለውን የክብ ሥዕል ማሽኑ ላይ ካለው ጋር ሳታመሳክሩ አትሰኩ።

ከኬብል በኩል አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፤ ሰውን ከሁሉ ግራ የሚያጋባው እሱ ነው። ከማሽኑ የኢርፎን መውጫ በሁለቱም ጫፍ ስቴሪዮ የሆነ ኬብል አውጥታችሁ ወደ ሚክሰሩ አንድ የባላንስ መግቢያ ስትሰኩ ኪኩ ይጠፋል፣ የሚቀረው እንደ ሬዲዮ ጭላንጭል ነው። ሚክሰሩ ግራና ቀኙን እርስ በርስ ስለሚቀናንሳቸው፣ በሁለቱም እኩል ያለው ኪክና ባስ ዜሮ ይሆናል። የሚያስፈልገው ከአንድ ስቴሪዮ ወደ ሁለት ሞኖ ጃክ የሚከፈል ኬብል ነው፤ ሁለቱ ጫፎች በሁለት ቻናል ይሰካሉ። ምቱ በእጥፍ ‘ጠጠ’ እያለ ከተሰማ ደግሞ ጥፋቱ የሚዲ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከማሽኑ የተቀበለውን ኖታ መልሶ እየላከለት ነው። ቀረጻ ፕሮግራሙ ላይ መልሶ መላኩን ዝጉት፣ ክሎኩ ብቻ ይለፍ።

ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ሻጩ ፊት እንዲህ አድርጉ። አብሩት፣ ስኬሉን ወደ ትሪፕሌት፣ ርዝመቱን ወደ 12 አምጡ፣ ከላይ ያለውን ንድፍ አስገቡ። ሲዞር እያንዳንዱን ፌደር ከታች እስከ ላይ ቀስ ብላችሁ ውሰዱ፤ ቀጥቀጥ ካለ ወይም መሐል ላይ ድምፁ ከዘለለ አቧራ ገብቶበታል ወይም አልቋል። 16ቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ ተጫኑ፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ ሁለቴ የሚያነብ ቁልፍ ካለ ዋጋ ቀንሱ። ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ ብረቱ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ እዩ። መውጫዎቹን አንድ በአንድ በኢርፎን አዳምጡ። ንድፉን በራይት አስቀምጡ፣ አጥፉት፣ አዳፕተሩን ንቀሉ፣ እስከ 30 ቆጥራችሁ መልሳችሁ አብሩት። ያስገባችሁት ንድፍ 12ኛው ላይ ዞሮ ሲመለስ ከሰማችሁ ክፈሉ።